ኀይል ከልክ ጋር
የመኪና ጎማን በአየር መፍቻ ስለ መፍታትና በልክ ስለ ማሰር

የሰው ልጅ ከክንዱ ኀይል የሚበልጥ መሣሪያ ባገኘ ቍጥር ድካሙ ይቀንስለታል፤ ሥራውም ይፈጥንለታል። ነገር ግን መሣሪያ የሚሰጠው ኀይልን ነው እንጂ ልክን አይደለም። ልኩን የሚያውቅ ሰው ካልያዘው፥ ለምቾት የተገዛው ዕቃ ቀን ጠብቆ ጕዳት ያመጣል። ዛሬ ለቤተ ሰብ ገጽ አንባቢዎቻችን የምናቀርበው ጽሑፍ ይህን የሚያስረዳ ነው፤ ነገሩም በአየር ግፊት ስለሚሠራው የብሎን መፍቻና የመኪና ጎማን በልክ ስለ ማሰር ነው።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ፥ «ይህ የጋራዥ ነገር ስለ ልጅ አስተዳደግና ስለ ቤት አያያዝ በሚጻፍበት ገጽ ምን ሊሠራ መጣ?» ይል ይሆናል። መልሱ ቀላል ነው። በዛሬው ጊዜ መኪና የቤተ ሰብ ዕቃ ሆኗል። ልጆችን ወደ ትምህርት ቤት፥ ሕመምተኛን ወደ ሐኪም ቤት፥ ሩዝን ወደ ገበያ፥ ሙሽራን ወደ አማቶቿ ቤት የሚያደርስ እርሱ ነው። በአንዲት ባጃጅ ወይም በአንድ ሚኒባስ ገቢ የሚተዳደረውም ቤተ ሰብ ጥቂት አይደለም። ይህ ሁሉ ሰውና ንብረት የሚጓዘው በጎማ ላይ ሲሆን፥ ጎማውን ከመኪናው ጋር አጣብቀው የሚይዙት ከአውራ ጣት እምብዛም የማይበልጡ ጥቂት ብረቶች ናቸው። እነዚህ ብረቶች በልክ ታስረው እንደ ሆነ ማወቅ፥ ማታ የምድጃው እሳት መዳፈኑን አይቶ እንደ መተኛት ያለ የቤት ጥንቃቄ ነው።

እኛ የምንኖርባት የወረታ ከተማ በፎገራ ሜዳ ላይ የተቀመጠች የመንገዶች መገናኛ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄደው ዐውራ ጎዳና በእርሷ በኩል ያልፋል፤ ወደ ደብረ ታቦር ወጥቶ በጋይንት አድርጎ እስከ ወልድያ የሚደርሰው፥ ርዝመቱ ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚሆነው መንገድም የሚነሣው ከዚሁ ነው። ይህን ሁለተኛውን መንገድ በደርግ ዘመን የሠሩት የቻይና መሐንዲሶች ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር ሆነው ነበር። ሩዝ በ1970ዎቹ ዓመተ ምሕረት በሜዳው መዘራት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮዎች በከተማው በዝተዋል፤ ጆንያ የጫኑ አይሱዙዎችም ይመላለሳሉ። ስለዚህ በጎዳናው ግራና ቀኝ የጎሚስታ ቤት መብዛቱ አያስደንቅም። ዱሮ በክንድና በረጅም ብረት ብዙ ታግለው ይፈቱት የነበረው ዳዶ ዛሬ በአየር መፍቻ በቅጽበት ሲፈታ እናያለን። መሣሪያው በጎሚስታ ቤት ብቻ አልቀረም፤ ትንሽ ኮምፕሬሰር ገዝተው፥ ወይም በባትሪ የሚሠራውን ዐይነት አስመጥተው፥ መኪናቸውን በግቢያቸው የሚጠግኑ ሰዎች አሉ። ይህ የሚመሰገን ነው፤ የእጅ ሥራ ማወቅ ሰውን ያስከብረዋል እንጂ አያዋርደውምና።

ጎሚስታ፥ ክሪክ፥ ቸርኬ፥ ብሎንና ዳዶ የሚሉት ስሞች ከኢጣልያንኛ የመጡ ናቸው። የብረት ሥራ ራሱ ግን ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። ከወረታ 40 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በደብረ ታቦር አጠገብ፥ ጋፋት በምትባለው ቦታ፥ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ ዓመተ ምሕረት የአውሮፓ ባለ እጆችን ሰብስበው መድፍ እንዳሠሩ የታወቀ ነው። ከዚያ የወጣው ሴባስቶፖል 7 ቶን ያህል ይመዝን ነበር፤ በ1860 ዓ.ም. እስከ መቅደላ የደረሰውም በሰው ጕልበት ተስቦ ነው። እንግዲህ ብረትን የሚያቀልጥና ተራራ የሚያወጣ ኀይል ያን ጊዜም ነበረ። የኛ ዘመን ከጨመረልን ዕውቀት አንዱ ኀይልን በቍጥር ለክቶ መስጠት ነው፤ ይህንም ዕውቀት ትተን ኀይሉን ብቻ ብንወስድ ከአያቶቻችን አልተሻልንም።

አሁን መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት። ኮምፕሬሰር አየርን እየሳበ በብረት ጋን ውስጥ ያምቃል። የታመቀው አየር በቱቦ አልፎ ወደ መፍቻው ሲገባ በውስጡ ያለውን ትንሽ መዘውር ያሽከረክራል። ብዙዎቹ መፍቻዎች የተሠሩት 6 ባር ለሚሆን ግፊት ነው። መዘውሩ ግን ዳዶውን በቀጥታ አያዞርም። በመካከል እንደ መዶሻ የሚያገለግል ከባድ ብረት አለ፤ ይህ ብረት እየዞረ ፍጥነት ይሰበስብና ዳዶውን የሚያዞረውን ዘንግ ይመታዋል፤ ይለቅቀዋል፤ እንደገናም ዞሮ ይመታዋል። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ምቱ ብዙ መቶ፥ አንዳንዴም ከሺህ በላይ ይሆናል። እናቶቻችን በሙቀጫ ሲወቅጡ ዘነዘናውን በእህሉ ላይ አስደግፈው አይጫኑትም፤ አንሥተው ይጥሉታል እንጂ። በመጫን የማይሰበረው ፍሬ በምት ይሰበራል። የአየር መፍቻም ጥበብ ይኸው ነው። የዛገውን ዳዶ የሚያላቅቀው፥ የያዘውንም ሰው እጅ እምብዛም የማይጠመዝዘው ስለዚህ ነው።

ነገር ግን ጥቅሙ ባለበት ቦታ ጉድለቱም አለ። በእጅ መፍቻ የሚሠራ ሰው ዳዶው እየጠበቀ ሲሄድ ክንዱ ይነግረዋል፤ የአየር መፍቻ ግን ለእጅ ይህን ወሬ አያደርስም። ዳዶው ምን ያህል እንደሚጠብቅ የሚወስኑት የጋኑ ግፊት፥ የቱቦው ስፋትና ርዝመት፥ የመሣሪያው ማርጀት፥ የብሎኑ ንጽሕና፥ ጣትም በቃታው ላይ የሚቈይበት ጊዜ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ሲለወጥ ውጤቱ ይለወጣል። በመሣሪያው ላይ 1፥ 2፥ 3 እየተባለ የተጻፈው ቍጥር የኀይል ደረጃን ያሳያል እንጂ የተለካ ልክ አይደለም። ለመኪና ጎማ የሚሸጠው የተለመደው የአየር መፍቻ ከ500 ኒውተን ሜትር በላይ ሊያጠብቅ ይችላል፤ ብዙዎቹ ትናንሽ የቶዮታ መኪናዎች ግን ለጎማ ዳዶ የሚፈልጉት 103 ብቻ ነው።

በዚሁ በከተማችን አንዲት እናት ጎማ የቀየረላቸውን ወጣት፥ «ልጄ፥ ምን ያህል አጠበቅኸው?» ብለው ሲጠይቁት፥ «አይስጉ እማማ፤ እስኪበቃው አጥብቄዋለሁ» ሲላቸው ሰምተናል። «የሚበቃውን በምን ዐወቅኸው?» አሉት። ወጣቱ ፈገግ ብሎ መሣሪያውን አሳያቸው። ጥያቄያቸው እንደ ቀልድ ታለፈ፤ ነገር ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነበረ። ሩዙንም፥ ቡናውንም፥ ሥጋውንም በሚዛን የምንገዛ ሰዎች የልጆቻችን ሕይወት የተማመነበትን ዳዶ ያለ ሚዛን ስናሳስር ዝም ማለታችን ተገቢ አይደለም።

ኒውተን ሜትር ያልነው የመጠምዘዝ ኀይል መለኪያ ነው፤ የጋራዥ ሰዎች ቶርክ የሚሉት ይህንኑ ነው። በዳዶው ላይ ግማሽ ሜትር የሚረዝም እጀታ ገጥመን፥ እጀታው አግድም ሳለ በጫፉ 21 ኪሎ ሩዝ ብናንጠለጥልበት፥ ዳዶው የሚያገኘው ኀይል 103 ኒውተን ሜትር ይሆናል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በዚያው እጀታ ጫፍ ላይ ቢቆምበት ከ340 ያልፋል፤ እጀታውን በቧንቧ አስረዝሞ አንድ ሜትር አድርጎ ቢቆምበት ደግሞ ከ680 ይበልጣል። እንግዲህ ብረቱን በእግር እየረገጡ ማጥበቅ ልማድ በሆነበት ቦታ ከሚገባው ሦስትና ስድስት እጥፍ እያጠበቁ ነው ማለት ነው። ጥፋቱ በአየር መፍቻ የመጣ አዲስ ነገር አይደለም፤ አየር መፍቻው ያለ ድካም እንዲሠራ አደረገው እንጂ።

ብዙ ሰው ብሎን እንደ ምስማር ዝም ብሎ የሚይዝ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ብሎን እንደ በገና ጅማት ነው። ዳዶው ሲጠብቅ ብሎኑ ዐይን በማያየው መጠን ይለጠጣል፤ ተመልሶ ለመኰማተር በሚያደርገው ትግልም ቸርኬውን ከመኪናው ጋር አጣብቆ ይይዛል። የላላ ጅማት ድምፅ አይሰጥም፤ ከመጠን በላይ የተወጠረው ደግሞ ይበጠሳል። ከልክ በላይ የተለጠጠ ብሎንም ወደ ቀድሞ ቁመቱ አይመለስም፤ ለዐይን ደኅና መስሎ የመያዝ ኀይሉ ይጐድላል፤ አንድ ቀንም ጭነት በበዛበት መንገድ ላይ ይቈረጣል። «ሲበዛ ማር ይመራል» የሚለው የአባቶች ተረት ለብረትም ይሠራል።

ሌላም ሊታወቅ የሚገባው ነገር አለ። ዳዶን ለማጥበቅ ከምናወጣው ኀይል ከአሥር እጅ ዘጠኙ ያህል የሚያልቀው በሰበቃ ነው፤ ብሎኑን የሚለጥጠው የቀረው አንዱ እጅ ብቻ ነው። ስለዚህ ብሎኑ ዘይት ወይም ግሪስ ቢቀባ ሰበቃው ይቀንስና፥ በልኩ ያጠበቅን መስሎን ብሎኑን እጅግ አብልጠን እንለጥጠዋለን። ዝገት ሲኖርበት ደግሞ ኀይሉ በሰበቃ ያልቅና፥ መለኪያው «ደርሷል» ሲል ቸርኬው ገና አልተያዘም። በመኪናው መጽሐፍ የተጻፈው የጎማ ዳዶ ልክ፥ መጽሐፉ ሌላ ካላዘዘ በቀር፥ ለንጹሕና ለደረቅ ብሎን መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

እዚህ ላይ የፎገራ ሜዳ የራሱ ጠባይ ሊታሰብ ያስፈልጋል። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው በሜዳው ላይ ሲፈስሱ፥ መንገዱና ግቢው ሁሉ ዋልካ ጭቃ ይሆናል። ይህ ጭቃ በቸርኬውና ቸርኬው በሚያርፍበት የብረት ፊት መካከል ገብቶ ሳለ ጎማው ሳይጠረግ ቢታሰር፥ ዳዶው በልኩ የጠበቀ ይመስላል። በኋላ ግን ጭቃው ይደርቃል፤ በጕዞው ንቅናቄ ይደቅቃል፤ ዱቄት ሆኖም ይረግፋል። ያን ጊዜ በመካከል ከፀጕር ያልበለጠ ክፍተት ይቀራል። የብሎኑም መለጠጥ ከዚያ እምብዛም የማይበልጥ ነበርና፥ ዳዶው አንድ ጊዜ እንኳ ሳይዞር መያዣው ይላላል። በቸርኬው ፊት ላይ የተደራረበ ወፍራም ቀለምም ይህንኑ ያደርጋል። ብዙ ጊዜ «በደንብ አጥብቀነው ሳለ በምን ላላ?» እየተባለ የሚያስገርመው ነገር መልሱ ከዚህ ሊገኝ ይችላል።

ከልክ በታች የታሰረ ጎማ መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል፤ ይንቋቋል። ቀጥሎ ዳዶዎቹ አንድ በአንድ ይወድቃሉ፤ ወይም ብሎኖቹ ይቈረጣሉ፤ በመጨረሻም ጎማው ከመኪናው ይለያል። የተለየው ጎማ በራሱ ፍጥነት እየተንከባለለ በጎዳና ዳር የሚሄደውን እግረኛ ሊገድል ይችላል። ከልክ በላይ የታሰረ ጎማ ግን ጕዳቱን ይሸሽጋል። የብሎኑን ጥርስ ይበላል፤ የፍሬን ዲስክ ሊያጣምም ይችላል፤ ከዚህም በቀር ባለቤቱ በቸገረው ጊዜ እንዳይፈታው ያደርጋል። ከመኪና ጋር የሚሰጠው የጎማ መፍቻ አጭር ነው፤ በልክ ለታሰረ ዳዶ ግን ይበቃል። ልጆችዋን ይዛ ከባሕር ዳር ስትመለስ ሐሙሲትን እንዳለፈች ጎማ የፈነዳባት እናት እናስብ። ትርፍ ጎማ አላት፤ ክሪክ አላት፤ መፍቻም አላት። ዳዶዎቹ ግን በአየር መፍቻ አራት እጥፍ ታስረዋል። ብትጫነው አይነቃነቅም፤ ብትረግጠው መፍቻው ይሾልካል። ከልጆችዋ ጋር በመንገድ ላይ የሚያስመሻት የጎማው መፈንዳት አይደለም፤ ከወራት በፊት ያለ ልክ መታሰሩ ነው።

እንግዲህ በቤቱ ጎማ የሚቀይር ሰው የሚከተለውን ሥርዓት ቢይዝ ይጠቀማል።

አንደኛ፤ መኪናውን በደልዳላና በጠንካራ መሬት ላይ ያቁም፤ የእጅ ፍሬን ይያዝ፤ በማይነሡት ጎማዎች ፊትና ኋላም ድንጋይ ያስደግፍ። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር ማንም ሰው አይግባ፤ ሕፃናትም ከአካባቢው ይራቁ።

ሁለተኛ፤ ዳዶውን ለመፍታት የአየር መፍቻውን ይጠቀም። መሣሪያው ለዚህ ሥራ የተመሰገነ ነው።

ሦስተኛ፤ የብሎኖቹን ጥርስ፥ የቸርኬውንም ፊትና ቸርኬው የሚያርፍበትን ብረት በሽቦ ብሩሽ ይጥረግ፤ በጨርቅም ያድርቅ። ጥርሱ የተበላ ብሎን ወይም ዳዶ ቢያገኝ ይለውጠው እንጂ በኀይል አያስገባው።

አራተኛ፤ ዳዶዎቹን መጀመሪያ በጣቱ ይግጠም፤ በጣት የሚሄዱበትን ያህል ይሂዱ። ገና በጅምሩ በመሣሪያ ማስገባት ጥርሱን አጣምሞ ያበላሻል። ዳዶው ሾጣጣ ፊት ያለው እንደ ሆነ ሾጣጣው ወደ ቸርኬው ይሁን።

አምስተኛ፤ ዳዶዎቹን እያሻገረ እንጂ በተርታ አያጥብቅ። ከበሮ የሚለጕም ሰው ጠፍሩን በአንድ ወገን ስቦ አይጨርስም፤ ወዲህና ወዲያ እያፈራረቀ ይወጥራል፤ አለዚያ ቆዳው ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። አምስት ዳዶ ያለው ጎማም አንዱን እየዘለሉ በኮከብ አምሳል ሲያጠብቁት ቸርኬው ቀጥ ብሎ ይቀመጣል።

ስድስተኛ፤ ለማጥበቅ የግድ የአየር መፍቻ ቢጠቀም፥ በዝቅተኛው ደረጃ፥ ዳዶው ቸርኬውን እስኪነካ ድረስ ብቻ ይሁን። ከዚያ ወዲያ መሣሪያውን አስቀምጦ በእጁ ይሥራ።

ሰባተኛ፤ መኪናውን ዝቅ አድርጎ ጎማው መሬት ከነካ በኋላ በሚለካ መፍቻ ያጥብቅ፤ በመጀመሪያው ዙር የልኩን እኩሌታ፥ በሁለተኛው ዙር ሙሉውን ያድርስ።

ስምንተኛ፤ መኪናው ከ80 እስከ 150 ኪሎ ሜትር ከተጓዘ በኋላ ልኩን እንደገና ይመርምር። ከወረታ ባሕር ዳር ደርሶ መመለስ ወደ 120 ኪሎ ሜትር ስለሚሆን፥ አንድ የደርሶ መልስ ጕዞ ለዚህ ተስማሚ ነው።

የሚለካ መፍቻ ያልነው ቶርክ ሬንች የሚባለው ነው። ይህ መሣሪያ የታሰበው ለመኪና ብቻ አልነበረም። ኮንራድ ባር የሚባል የኒው ዮርክ ከተማ የውሃ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ፥ በመሬት ውስጥ የተቀበሩ የቧንቧ ብሎኖች ከመጠን በላይ እየጠበቁ እንዳይሰበሩ መላ ሲፈልግ የሠራው መሣሪያ መሆኑ ይነገራል፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1935 ከባልደረባው ጋር፥ ልኩ ሲደርስ ድምፅ ለሚሰጠው ዐይነት የባለቤትነት መብት ጠይቋል። አጠቃቀሙም ቀላል ነው። እጀታውን ጠምዝዞ በሚፈለገው ቍጥር ላይ ማቆም፤ ከዚያም ሳይቸኵሉ በዝግታ መሳብ ነው። «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሲሰማ ማቆም ይገባል፤ ደግሞ መሳብ ልኩን ማሳለፍ ነው። በዚህ መሣሪያ የጠበቀ ዳዶ መፍታት አይገባም፤ ሥራው ሲያልቅም ቍጥሩን ወደ ዝቅተኛው መመለስ ያስፈልጋል፤ ሁልጊዜ ተወጥሮ የሚያድር ሞላ ልኩን ይስታልና። ብዙ የሚሠራበትም በየዓመቱ ቢያስመረምረው መልካም ነው።

ይህን መሣሪያ ለመግዛት ዐቅም ያነሰው ሰው ተስፋ አይቍረጥ። በገበያ ጆንያ የሚመዝኑበት፥ በመንጠቆ የሚንጠለጠለው የሞላ ሚዛን በብዙ ቤት ይገኛል። የእጅ መፍቻውን በዳዶው ላይ ገጥሞ፥ ሚዛኑን በእጀታው ጫፍ ያንጠልጥልና እጀታውን በሚዛኑ በኩል ይሳብ። አሳሳቡ ከእጀታው ጋር እንደ መስቀል ቀጥ ያለ ይሁን፤ ወደ ጎን ያዘነበለ ስበት ልኩን ያሳስታል። የሚስበውን ኪሎ ለማወቅ 1,050ን ከዳዶው መካከል እስከ መንጠቆው ባለው ርዝመት በሳንቲ ሜትር ያካፍል። ርዝመቱ 50 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 21 ኪሎ፥ 35 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 30 ኪሎ ይመጣል። ሁለቱም የሚሰጡት ያንኑ 103 ኒውተን ሜትር ነው። ሌላ ልክ ለሚፈልግ መኪና፥ በመጽሐፉ ያለውን ኒውተን ሜትር በ10.2 አባዝቶ ለርዝመቱ ማካፈል ይበቃል። ይህን ስሌት ሰባተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ሊሠራው ይችላል፤ ከአባቱና ከእናቱ ጋር ሆኖ ቢሠራውም የሒሳብ ትምህርቱ ለቤቱ እንደሚጠቅም ያይበታል።

ከላይ የተናገርነው ልክ ለትናንሽ የቤት መኪናዎች ጎማ ነው እንጂ ለሁሉ አይደለም። የባጃጅ ብሎን ቀጭን ስለ ሆነ ይህን ያህል ኀይል አይችልም፤ የራሱ መጽሐፍ ይታይለት። የከባድ ጭነት መኪና ልክ ደግሞ ከ400 ሊያልፍ ስለሚችል ለባለ ሙያ ይተው። የሞተር ዘይት ማፍሰሻው ቡሽ በብዙ ትናንሽ መኪናዎች 40 ኒውተን ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ካንዴላም 20 ያህል ይበቃዋል። እነዚህ የሚገቡት ብዙ ጊዜ በአሉሚኒየም ውስጥ ነውና፥ በአየር መፍቻ አንድ ጊዜ ቢነኩ ጥርሱ ተጠርጎ ይወጣል፤ የጥቂት ደቂቃ ሥራም የሞተር ወጪ ይሆናል። የቴስታታ ብሎኖች የራሳቸው ተራና ደረጃ ስላላቸው በአየር መፍቻ ሊጠብቁ ከቶ አይገባም። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ እየበዙ የመጡት የኤሌክትሪክ መኪናዎችም ከዚህ ሕግ አላመለጡም፤ ባትሪያቸው ከባድ ስለ ሆነ በጎማው ላይ የሚያርፈው ሸክም ይበልጣልና፥ ልካቸው ከየመጽሐፋቸው ይታይ።

ኮምፕሬሰር በቤት ያስገባ ሰው ደግሞ አያያዙን ይወቅ። ወረታ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች፥ አየሩ በዝቅተኛ አገር ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ስለዚህ ጋኑ ለመሙላት ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል። የቸኰለ ሰው ይህን አይቶ የግፊት መቈጣጠሪያውን ወይም መተንፈሻውን አይነካካ፤ ጋን ሲፈነዳ እንደ ቦምብ ነው። አየር ሲታመቅ በውስጡ ያለው እርጥበት ውሃ ሆኖ በጋኑ ግርጌ ስለሚጠራቀም፥ በተለይም በክረምት፥ ማታ ማታ በግርጌው ቧንቧ ማፍሰስ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ጋኑ ከውስጥ ይዝጋል። በሩዝ ወፍጮ አጠገብ የሚኖር ሰውም የአየር ማጣሪያውን ከገለባ ብናኝ ያጥራ። በመፍቻው ራስ ላይ የሚገጠመው ዳዶ ያዡ ብረት ለምት የተሠራው ጥቁሩ ዐይነት ይሁን፤ የሚያብረቀርቀው የእጅ መፍቻ ብረት በምት ተሰብሮ ዐይን ሊያጠፋ ይችላል። መነጽርና የጆሮ መከላከያ ማድረግ ፍርሀት አይደለም፤ ብልኀት ነው። በታመቀ አየር የልጅን ልብስ ወይም የራስን ገላ ማራገፍም ጨዋታ አይደለም፤ አየሩ በቈዳ ዘልቆ ሊገባና ለሞት ሊያደርስ ይችላል።

በፍርድ ቤት የጽሕፈት ሥራ ላይ የምንውል ሰዎች ቃል ስንመዘግብ፥ ሰው ሁሉ ሥራውን «በደንብ» እንደ ሠራ ሲናገር እንሰማለን። «በደንብ» ማለት ስንት እንደ ሆነ ሲጠየቅ ግን ብዙው ዝም ይላል። ስለ መኪና ደግሞ ሕጉ የጠበቀ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጕዳት ኀላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ በቍጥር 2086ም እንደ ተመለከተው፥ «እኔ አላጠፋሁም» ብሎ ማስረዳት ብቻውን ባለቤቱን አያድነውም። እንግዲህ ጎማውን ያላላ ሌላ ሰው ቢሆን እንኳ፥ ተጐጂው መጀመሪያ የሚያንኳኳው የባለ መኪናውን በር ነው። ቤትና ንብረት ለዚህ ዕዳ ሊወጣ ይችላል። የሞተውን ሰው ግን የትኛውም ፍርድ አይመልሰውም።

ይህን የምንጽፈው በጎሚስታ ቤት የሚደክሙትን ወንድሞቻችንን ለመንቀፍ አይደለም። እነርሱ የሚፈጥኑት እኛ ስለምናስቸኩላቸው ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደ ተባለ፥ ለአንድ ጎማ አምስት ደቂቃ ጨምሮ መታገሥ የደንበኛው ድርሻ ነው። አንባቢዎቻችን ጎማ ሲያስቀይሩ፥ «የመጨረሻውን በእጅ፥ በልክ አጥብቅልን» ብለው በትሕትና ይጠይቁ፤ ባለ ሙያው የሚለካ መፍቻ እንዲገዛም ያበረታቱት። በመኪናው ውስጥም አንዲት ትንሽ ደብተር ይኑር፤ ቀኑ፥ የተቀየረው ጎማ፥ የተሰጠው ልክና የኪሎ ሜትሩ ቍጥር፥ ዳግመኛ የተመረመረበትም ቀን ይጻፍባት። አባት ቢሆን እናት፥ ወንድ ልጅ ቢሆን ሴት፥ ማንበብና መቍጠር የሚችል የቤተ ሰቡ ሰው ሁሉ ይህን ደብተር ሊይዝ ይችላል። ከመጪው ክረምት በፊት በየቤቱ ያለው መኪና ጎማ ተፈትቶ፥ ተጠርጎ፥ በልኩም ታስሮ እንዲጠብቅ አንባቢዎቻችንን አጥብቀን እንመክራለን።